በደሴ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ፦ አናሎግ ሚክሰርን ከኮምፒውተር መቅጃ ጋር ማጣመር (የጉዳይ ጥናት)

መነሻው

ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ለዓመታት የሚቀዳው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ማይክሮፎኖቹ ሁሉ ባለ 16 ቻናል አናሎግ ሚክሰር ላይ ይሰካሉ፤ ባለሙያው ድምፁን በእጁ ያመጣጥናል፤ ከማስተር (የሁሉም ቻናል ድምፅ ተደምሮ ከሚወጣበት) ግራና ቀኝ የሚመጣው ድምፅ በሁለት ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ቀረጻው ሲያልቅ ሚክሱም አብሮ አለቀ። ማሲንቆው የዘፋኟን ድምፅ ውጦት ቢገኝ ወይም ከበሮው አንድ ቦታ ላይ ቢስት፣ ያለው መፍትሔ ሁሉንም ሰው መልሶ ሰብስቦ እንደ አዲስ መቅዳት ነበር።

አሠራሩ እንዲለወጥ ያስገደደው አንድ ሥራ ነው። በባቲ፣ በአምባሰልና በትዝታ ቅኝት የሚጫወት 8 ሰው ያለው የባህል ቡድን 6 ዘፈኖች ለማስቀዳት መጣ፦ አንዲት ዘፋኝ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና 3 ተቀባዮች። ቡድኑ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ትራክ እንዲኖረው ጠየቀ፤ ደግሞም ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው ካልተጫወቱ እንደማይሆን ተናገረ። ሁለተኛውን ጥያቄ ያመጣው የጨዋታው ጠባይ ነው። ማሲንቆ የዘፋኟን ትንፋሽ ይከተላል፤ ስንኙን ስትጎትተው አብሮ ይጎትታል፣ ስታሳርፈው ያሳርፋል። በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) አንድ በአንድ መቅዳት ቀደም ብሎ ተሞክሮ፣ ጊዜው የተስተካከለ ነገር ግን ነፍስ የራቀው ቀረጻ ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ 8 ድምፅ ለየብቻ የሚቀበል አሠራር አስፈለገ።

የነበረውና የተገዛው

ሚክሰሩ ቀድሞ ለመድረክ ያገለገለ ነው። 16 ቻናል፣ 4 ግሩፕ (የተመረጡ ቻናሎች ተደምረው የሚወጡበት) እና 4 ኦክስ (ለጆሮ ማዳመጫና ለመሳሰለው ድምፅ ለየብቻ የሚላክበት) አለው። ኦክስ 1 እና 2 ድምፅ የሚወስዱት ከፌደር (ከተንሸራታቹ የድምፅ መጠን ማስተካከያ) በፊት ነው፤ 3 እና 4 ከፌደር በኋላ። ሁሉም ቻናል ኢንሰርት (የቻናሉን ድምፅ ወደ ውጭ የሚልክና የሚመልስ ጃክ) አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ደግሞ ዳይሬክት አውት (የዚያ ቻናል ድምፅ ብቻ የሚወጣበት) ተጨምሮላቸዋል። የማይክ ፕሪአምፖቹ (የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎሉት) ንጹሕ ናቸው። ጥቂት ፌደሮች ግን በአቧራ ይንኮሻኮሻሉ።

ባለቤቱ ሁለት መንገድ ቀርቦለት ነበር። አንደኛው ሚክሰሩን ሸጦ 8 የማይክ ፕሪአምፕ ያለው ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ) መግዛት ነው። ሁለተኛው ሚክሰሩን አስቀርቶ፣ ፕሪአምፕ የሌለው ነገር ግን 8 የላይን (አስቀድሞ የጎላ ድምፅ) መግቢያና 8 የላይን መውጫ ያለው ሳውንድ ካርድ መግዛት ነው። ሁለተኛው ተመረጠ፤ በእኔ እምነት ምርጫው ትክክል ነው። 8 ጥሩ ፕሪአምፕ በእጅ ላይ ሳለ ሌላ 8 መግዛት ብክነት ነው። ከዚያ የበለጠው ምክንያት የጆሮ ማዳመጫው ነው። አናሎግ ሚክሰር ለተጫዋቾች የሚልከው ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ስለማይወጣ ምንም መዘግየት የለውም፤ በጆሮው ተመርቶ ለሚጫወት ማሲንቆ ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመቅጃ ሶፍትዌሩ ሪፐር ነው። ቀረጻው በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ መጠን አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል፤ 8 ትራክ ሲሆን 69 ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 4.1 ጊጋባይት። የአንድ ቀን ቀረጻ ብዙ ድግግሞሽ ስላለው ባዶ ቦታውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

የመጀመሪያው አገናኝና ያመጣው ጣጣ

በመጀመሪያው ቀን የተደረገው ለዓይን የቀና ነገር ነው። የ8ቱ ቻናሎች ዳይሬክት አውት ወደ ሳውንድ ካርዱ 8 መግቢያዎች ተሰካ። የሳውንድ ካርዱ መውጫ 1 እና 2 ደግሞ ወደ ሚክሰሩ ቻናል 15 እና 16 ተመለሰና በማስተር እንዲሰማ ተደረገ። የድሮዎቹ ሁለት ገመዶች፣ ከማስተር የሚወጡት፣ ሳይነቀሉ የኮምፒውተሩ የራሱ ላይን ኢን ላይ ቀሩ። ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ችግሮቹ እየተከታተሉ ወጡ።

መጀመሪያ የተሰማው ፊድባክ ነው። ባለሙያው የድሮውን ፕሮጀክት ሲከፍት ሶፍትዌሩ ከማስተር የሚመጣውን ድምፅ እየተቀበለ፣ በመውጫ 1 እና 2 በኩል ወደ ቻናል 15 እና 16 ይመልሰው ጀመር። ቻናሎቹ ወደ ማስተር ይልካሉ፤ ማስተሩ ወደ ኮምፒውተር ይልካል፤ ዙሩ ተዘጋ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ድምፁ ወደ ጩኸት አደገ። ስፒከሮቹ የተረፉት የፓወር ማጥፊያው ለእጅ ቅርብ ስለነበር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዙር ስፒከርን ብቻ ሳይሆን የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰውን ጆሮም ይጎዳል።

ሁለተኛው በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የታየው ነው። የማሲንቆ ተጫዋቹ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ቀረጻውን አስቁመው «ልጄ፣ ማሲንቆዬ ሁለት ሆነብኝ» አሉ። ባለሙያው «አብሽሩ ጋሼ፣ አንዱን አጠፋዋለሁ» ብሎ ምክንያቱን ፈለገ። እርሳቸው የሰሙት ትክክል ነበር። ድምፃቸው አንድ ጊዜ በቀጥታ ከሚክሰሩ ኦክስ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሶፍትዌሩ በኩል ዞሮ ይደርሳቸዋል። ባፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ ሰብስቦ የሚያስተናግደው መጠን) 256 ሳምፕል ላይ ስለነበር ለመግቢያ 5.3፣ ለመውጫ 5.3 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል፤ የመቀየሪያው ጊዜ ሲጨመር ዙሩ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ በየ83 ኸርዙ ርቀት ድምፅ የሚጠፋበት ጉድጓድ ስለሚፈጠር መሣሪያው ከቱቦ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። የፈረስ ጭራ አውታር ያለውን ያን ሻካራ ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

ሦስተኛው የባሰ ነው፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነበርና የታወቀው። ዳይሬክት አውቱ ከፌደር በኋላ የሚወስድ ነው። ባለሙያው በልማዱ፣ ለራሱ ጥርት ብሎ እንዲሰማው፣ በቀረጻው መካከል የማሲንቆውን ፌደር ዝቅ የዘፋኟን ከፍ ያደርግ ነበር። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ትራኩ ላይ ተጻፈ። ሁለት ሙሉ ዘፈን ላይ ድምፁ ያለ ምክንያት ከፍና ዝቅ ይላል፤ የሚንኮሻኮሹት ፌደሮች ድምፅም አብሮ ተቀድቷል። ሁለቱም ዘፈኖች ተጣሉ።

አራተኛው የመጠን አለመጣጣም ነው። የሳውንድ ካርዱ መግቢያዎች ከፋብሪካ −10 ዲቢቪ (ለደካማ ድምፅ የሚሆን መጠን) ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሚክሰሩ ደግሞ የሚሠራው በ+4 ዲቢዩ (ከፍ ባለው የባለሙያ መሣሪያ መጠን) ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 11.8 ዴሲቤል ነው። የሚክሰሩ ሜትር አረንጓዴ እያሳየ የከበሮው ምትና የዘፋኟ ከፍተኛ ኖታ ሶፍትዌሩ ውስጥ ጫፉ ተቆርጧል። መግቢያው ላይ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ በምንም ፕላግኢን (በሶፍትዌሩ ላይ በሚጨመር ማስተካከያ) አይመለስም።

አምስተኛው ሁሉም ሥር ሆኖ የሚሰማው «እምም» የሚል የመብራት ድምፅ ነው። ይህኛው ረጅም ጊዜ ስለወሰደ ለብቻው ቀርቧል።

የ«እምም»ታው ፍለጋ

በአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከመብራት የሚመጣ ድምፅ 50 ላይና በብዜቶቹ፣ በ100፣ በ150፣ በ200 ኸርዝ ላይ ይታያል። በሶፍትዌሩ የፍሪኩዌንሲ ማሳያ ሲታይ በትክክል እንደዚያ ነበር። ማንም ሳይጫወት የሚሰማው መጠን −52 ዴሲቤል ደርሶ ነበር። ይህ በዋሽንት ብቻ ለሚጀምር ዘፈን የማይታገሡት ነው።

ፍለጋው የተመራው አንድ በአንድ በመንቀል ነው። ማይኮቹ ሁሉ ተነቀሉ፤ ድምፁ አልተለወጠም። የዩኤስቢ ገመዱ ሲነቀል ጠፋ። ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ ስለሆነ ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ እንደገና ጠፋ። ስለዚህ ችግሩ በሚክሰሩና በላፕቶፑ ቻርጀር መካከል መሆኑ ተረጋገጠ። ሚክሰሩ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ያለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ከጎረቤት ክፍል በተሳበ፣ ኧርዝ በሌለው ማከፋፈያ ላይ። መልቲሜትር በሁለቱ አካል መካከል ወደ 90 ቮልት ኤሲ አሳየ። ኧርዝ የሌለው ቻርጀር በውስጡ ባሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች በኩል ጥቂት ከረንት ያሾልካል፤ አካሉም በመብራቱ ቮልቴጅ ግማሽ ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። ያ ከረንት በድምፅ ገመዱ ሺልድ (የብረት መከላከያ ሽፋን) በኩል ወደ ሚክሰሩ ኧርዝ ሲሄድ «እምም» ይሆናል።

በመካከል አንድ አደገኛ ነገር ተሞከረ። አንድ ሰው የሚክሰሩን ኧርዝ ያለው ሶኬት በሁለት ጥርስ መለወጫ ተካው። ድምፁ በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን ዘፋኟ የማይኩን ብረት በከንፈሯ ስትነካ ነዘራት። ኧርዝን ቆርጦ ድምፅ ማጥፋት የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው፤ በሚክሰሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላላ ያ ንዝረት ሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። መለወጫው ወዲያው ተነቅሎ ተጣለ።

የተወሰደው እርምጃ ሦስት ክፍል ነበረው። የመብራት ባለሙያ መጥቶ የቤቱን የኧርዝ ዘንግ አየ፤ የግንኙነቱ ማሰሪያ ዝጎ ስለነበር ጠርጎ አጠበቀው። ሚክሰር፣ ሳውንድ ካርድ፣ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ሁሉም ከአንድ ሶኬት በወጣ አንድ ኧርዝ ባለው ማከፋፈያ ላይ ተሰኩ። የድምፅ ገመዶቹ ደግሞ ቀጥሎ እንደተገለጸው ሺልዳቸው በአንድ ጫፍ ብቻ እንዲያያዝ ሆነው እንደገና ተሠሩ። ለስቱዲዮው ኪቦርድ ሁለት የማግለያ ትራንስፎርመር ያለው ሳጥን ተጨመረ። መጨረሻ ላይ መጠኑ ወደ −78 ዴሲቤል ወረደ። የቀረው በሙዚቃው መካከል አይሰማም።

ሞባይል ስልክ ከክፍሉ ውጭ እንዲቀመጥም ተወሰነ፤ ከመደወሉ በፊት የሚሰማው «ትትት» በክራሩ ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ በተገጠመው ድምፅ ማንሻ) ይገባል።

አዲሱ አገናኝ

ሥራው እንደገና የተጀመረው በወረቀት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠየቀ፦ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ድምፁን የሚያዘው ማን ነው? መልሱ እንዲህ ሆነ። ማይክን ማጉላትና ለተጫዋቾች ማሰማት የሚክሰሩ ሥራ ነው። መቅዳት፣ ማረምና ማመጣጠን የኮምፒውተሩ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ከላይ ከተዘረዘሩት ጣጣዎች ፊድባኩ፣ የተደረበው ማሲንቆና ፌደሩ የመጡት ይህ ድንበር ስላልነበረ ነው።

ድምፁ ከሚክሰሩ የሚወጣው አሁን በኢንሰርት ነው። በዚህ ሚክሰር ኢንሰርቱ ከፕሪአምፑ ቀጥሎ፣ ከኢኪውም (ከወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛው) ከፌደርም በፊት ይገኛል። ስለዚህ ባለሙያው ፌደሩንም ኢኪውንም እንደፈለገ ቢያንቀሳቅስ ቀረጻው አይነካም፤ የሚነካው የጌይን (የፕሪአምፑ ማጉያ) ቁልፉ ብቻ ነው። በኢንሰርት ጃኩ ላይ ጫፉ መላኪያ፣ ቀለበቱ መመለሻ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ብልሃት ሞኖ ጃክን እስከ መጀመሪያው «ቀጭ» ድረስ ብቻ መግፋት ነው፤ መላኪያው ይነካል፣ የቻናሉ መንገድም አይቋረጥም። እዚህም ሁለት ቀን ተሠርቶበታል። ችግሩ ገመዱ ሲነካ ይወጣል፣ ወይም ወደ ሁለተኛው «ቀጭ» ይገባል። ያኔ ቀረጻው እየቀጠለ ተጫዋቹ ራሱን መስማት ያቆማል።

ስለዚህ 8 ገመዶች በእጅ ተሠሩ። ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ሁለት ልብ ያለው ሺልድ ገመድና 2 ስቴሪዮ ጃክ፣ በድምሩ 24 ሜትርና 16 ጃክ። በሚክሰሩ በኩል ባለው ጃክ ጫፉና ቀለበቱ በአጭር ሽቦ ተገናኝተው አንደኛው ልብ ላይ ይበየዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጃኩ እስከ መጨረሻው ቢገባም የቻናሉ ድምፅ ከመላኪያው ወደ መመለሻው ስለሚያልፍ አይቋረጥም። ሁለተኛው ልብ በሚክሰሩ በኩል ከእጅጌው (ከጃኩ ግንድ)፣ በሳውንድ ካርዱ በኩል ከቀለበቱ ጋር ይያያዛል። ሺልዱ የሚያያዘው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሌላው ጫፍ አጥሮ ተቆርጦ በቴፕ ይሸፈናል። ከመሰካት በፊት እያንዳንዱ ገመድ በመልቲሜትር ተፈተሸ፤ ከ8ቱ በ1ዱ ቀለጥ ያለ ብየዳ ሁለቱን ልቦች አገናኝቷቸው ተገኘ። የተሠሩት ገመዶች በሁለቱም ጫፍ በቀይ ቴፕ ተለዩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፦ ቀለበቱና ጫፉ የተገናኘ ጃክ በስህተት የሌላ መሣሪያ ስቴሪዮ መውጫ ላይ ከተሰካ ግራና ቀኙን ያጋጫል።

መመለሻው በሁለት መንገድ ተከፈለ። የሳውንድ ካርዱ መውጫ 1 እና 2 ወደ ሚክሰሩ ባለ ሁለት ትራክ መግቢያ ይሄዳል። ይህ መግቢያ የሚሰማው በመቆጣጠሪያው ክፍል ስፒከር ብቻ ስለሆነ ወደ ማስተር አይገባም። መውጫ 3 እና 4 ወደ ቻናል 15 እና 16 ይሄዳል፤ ፌደራቸው ወርዶ፣ ወደ ማስተርም ወደ ግሩፕም ሳይላክ፣ በኦክስ 1 እና 2 ብቻ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ይደርሳል። ቀድሞ የተቀዳ ነገር ላይ መጨመር ሲያስፈልግ ተጫዋቹ የሚሰማው በዚህ ነው። በዚህ አገናኝ ፊድባክ የሚፈጠርበት መንገድ የለም፤ የኢንሰርት መላኪያ ከማስተሩ በፊት ስለሆነ የተመለሰው ድምፅ ሊገባበት አይችልም። ከማስተር ወደ ላፕቶፑ ይሄዱ የነበሩት አሮጌ ገመዶች ተነቅለው ወጡ። በሶፍትዌሩ ላይ ደግሞ የ8ቱም ትራኮች የመቅጃ ማዳመጫ ቁልፍ ተዘጋና ያ ሁኔታ የፕሮጀክት አብነት ሆኖ ተቀመጠ። ማሲንቆው አንድ ሆነ።

መጠንን ማስተካከል

የሳውንድ ካርዱ መግቢያዎች ወደ +4 ተቀየሩ። ቀጥሎ ከሶፍትዌሩ የ1 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ በመውጫ 5 ወደ ቻናል 1 የላይን መግቢያ ተልኮ የሚክሰሩ ሜትር 0 እስኪያሳይ ጌይኑ ተስተካከለ፤ በኢንሰርት የወጣውም በሶፍትዌሩ ተነበበ። −20 ዴሲቤል ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው፦ የዚህ ሚክሰር ኢንሰርት በ0 ሜትር 0 ዲቢዩ ያወጣል፤ ሳውንድ ካርዱ ደግሞ የሚሞላው +20 ዲቢዩ ላይ ነው። ፍተሻው ለ8ቱም ቻናሎች ተደገመ። በሌላ መሣሪያ ቁጥሩ ይለያያል፤ የሚቀዳው ሰው ግን የራሱን ማወቅ አለበት።

ከዚያ በኋላ የጌይን ሕጉ ቀላል ሆነ። ድምፁ በአማካይ በሚክሰሩ ሜትር 0 አካባቢ፣ ከፍተኛው ጫፍ በሶፍትዌሩ ከ−10 እስከ −6 ዴሲቤል። በ24 ቢት ከዚያ በላይ መግፋት የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ዘፋኝ ሲሞክር ከሚዘፍነው በላይ ቀረጻ ላይ ድምፁን ስለሚያወጣ፣ ከሙከራው በኋላ ጌይኑ ሌላ 3 ዴሲቤል ወርዷል።

መዘግየቱም ተለካ። ሶፍትዌሩ ድራይቨሩ የሚነግረውን መዘግየት ራሱ ያካክሳል፤ ድራይቨሩ ግን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። አንድ መውጫ በገመድ በቀጥታ ወደ አንድ መግቢያ ተሰክቶ የ«ጭ» ድምፅ ተልኮ ተቀዳ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የተቀዳው 74 ሳምፕል ዘግይቷል፤ ይህ በ48 ኪሎ ኸርዝ 1.54 ሚሊ ሰከንድ ነው። በሪፐር የቀረጻ ቅንብር ውስጥ ባለው የእጅ ማካካሻ 74 ሲጻፍ በድጋሚ ሙከራው ልዩነቱ ዜሮ ሆነ። ይህ ካልተደረገ የተቀባዮቹ ጭብጨባ በላዩ ላይ በተቀዳ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጎተታል።

ቀረጻው

ክፍሉ 5 በ4 ሜትር ገደማ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተሰቀለ፤ ተጣብቆ ከሚሰቀል ይልቅ እንዲህ ሲሆን ወፍራሙን ድምፅ የበለጠ ይይዛል። ተጫዋቾቹ በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ማይኩ ከመሣሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቀጣዩ ማይክ ከእሱ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ተደረገ፤ ይህ የአንዱ ድምፅ በሌላው ውስጥ ገብቶ የሚያመጣውን መበላላት ይቀንሳል።

ማሲንቆ በቆዳው ፊት፣ ጥቂት ወደ ጎን፤ ማይኩ ፊት ለፊት ከሆነ የቀስቱ ፍትጊያ ይበዛል። ዋሽንት ከላይ፣ ከሚነፋው ቀዳዳ ፈንጠር ብሎ፤ አለዚያ ከኖታው ትንፋሹ ይቀድማል። ክራሩ ፒክአፕ ቢኖረውም ማይክ ተመረጠለት፤ ፒክአፑ አውታሩን እንጂ ሳጥኑን አይሰማም። ከበሮ በሁለቱም ቆዳ በኩል አንድ አንድ ማይክ ወሰደ። አንዱ ቆዳ ሲመታ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ውጭ፤ ስለዚህ የሁለቱ ትራኮች ፖላሪቲ ተቃራኒ ይሆንና ሲደመሩ ጉልበቱ ይጠፋል። መፍትሔው አንደኛውን በሶፍትዌሩ መገልበጥ ሆነ፤ ሲገለበጥ የከበሮው ሆድ ተመለሰ። ዘፋኟ 1፣ ማሲንቆ 2፣ ክራር 3፣ ዋሽንት 4፣ ከበሮ 5 እና 6፣ ተቀባዮቹ 7 እና 8።

6ቱ ዘፈኖች በ2 ቀን ተቀዱ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። ሚክሰር፣ ሳውንድ ካርድና ላፕቶፕ 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ ላይ ስለነበሩ የተጀመረው ዘፈን እስከ መጨረሻው ተቀድቶ ተቀመጠ። ስፒከሮቹ ሆን ተብሎ ከዩፒኤሱ ውጭ ናቸው፤ ባትሪውን በከንቱ ይበላሉ። ሲበራ ስፒከር መጨረሻ፣ ሲጠፋ መጀመሪያ።

ሚክሱን በሚክሰሩ ማድረግ፦ ያልሠራው

ባለቤቱ «አናሎግ ሙቀት» የሚባለውን ስለሰማ የተቀዳውን መልሶ በሚክሰሩ እንዲመጣጠን ፈለገ። ሐሳቡ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ ስለዚህ በደንብ ተሞከረ። 8ቱ መውጫዎች በ8 ቻናል ገብተው፣ ውጤቱ ከማስተር ወደ መግቢያ 1 እና 2 ተመልሶ ተቀዳ። ከሶፍትዌሩ ሚክስ ጋር ሲነጻጸር የሁለቱ ከፍታ በ0.2 ዴሲቤል ውስጥ እኩል ተደረገ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ይህ ካልተደረገ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ያልተነገራቸው ተጫዋቾች አንድ ጊዜ ይህን፣ ሌላ ጊዜ ያንን መረጡ። ግልጽ የነበረው ልዩነት የ8 ቻናል ሽሽታ መጨመሩ ነው።

ያፈረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ዘፋኟ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውላ በሦስተኛው ዘፈን ማሲንቆው ጥቂት ከፍ እንዲል ጠየቀች። በመካከሉ ሚክሰሩ ለሌላ ሥራ ተነክቷል። የቁልፎቹ ፎቶ ተነሥቶ ነበር፤ በፎቶ ላይ የአንድ ቁልፍ ትንሽ ዘንበል ማለት ግን አይታይም፤ ሲመለስ ዘፈኑ ከሌሎቹ 5 ጋር አልገጠመም። በሶፍትዌር ቢሆን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ለውጥ መጠየቅ በማይቀርበት ሥራ፣ እንደዚህ ባለ ስቱዲዮ ሚክስን በሚክሰር ማድረግ አልመክርም።

ከዚህ የተረፈ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የሚክሰሩ ኢኪው በዘፋኟ ድምፅ ላይ ደስ የሚል ሆኖ ስለተገኘ፣ ድምፅዋ ብቻ በመውጫ 7 ወደ ቻናል 12፣ ከዚያ በግሩፕ 3 ወደ መግቢያ 8 ተመልሶ ተቀዳ። በሪፐር የውጭ መሣሪያ ማስገቢያ ፕላግኢን ውስጥ ያለው «ፒንግ» የዙሩን መዘግየት ለክቶ አካካሰው። የተመለሰው ወዲያው አዲስ ትራክ ሆኖ ስለሚቀመጥ ቁልፎቹ በኋላ ቢነኩም ጉዳት የለውም።

የድምፅ ቅኝት ማስተካከያ ፕላግኢን እንዲደረግ የጠየቀ ሰው ነበር፤ አልተደረገም። እነዚህ ፕላግኢኖች ካልተከለከሉ በስተቀር ሁሉንም ወደ ፒያኖው 12 ደረጃ ይጎትታሉ። የአምባሰል ዘፋኝ ግን ድምፅዋን የምታሳርፈው ማሲንቆው በሚያርፍበት ነው፤ ፒያኖው አያዝዛትም። እርሷን ብቻ ጎትቶ ማሲንቆውን መተው ሁለቱን ማጣላት ነው።

ሌላ ቦታ ሲሠራ

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው በመሣሪያው ዓይነት ይለያያል። ሚክሰሩ ኢንሰርት ከሌለው 4 ግሩፕና ከፌደር በፊት የሚወስዱት 2 ኦክሶች በድምሩ 6 የተለያዩ መውጫዎች ይሰጣሉ፤ ተጫዋቾቹ ግን ያኔ ለጆሮ ማዳመጫ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ዳይሬክት አውት ያለው ከሆነ ከፌደር በፊት ወይስ በኋላ እንደሚወስድ መጽሐፉን ከማገላበጥ በፊት በአንድ ደቂቃ ይፈተናል፦ እየቀዱ ፌደሩን ዝቅ ማድረግ። በአንዳንድ ሚክሰሮች ውስጥ ይህን የሚለውጥ ጃምፐር (ትንሽ ማገናኛ) አለ። በዩኤስቢ በቀጥታ የሚገናኝ ትንሽ ሚክሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚልከው ማስተሩን፣ ማለትም 2 ትራክ ብቻ ነው፤ የቻናሉ ብዛት ገዢን ሊያታልል አይገባም።

ያው ስቱዲዮ በኋላ መንዙማ ሲቀዳ አገናኙን ሳይነካ ተጠቅሞበታል። መሪው 1፣ ድቤው 2፣ ተቀባዮቹ በሁለት ጥንድ ማይክ ከ3 እስከ 6። ተቀባዮች በጆሮ ማዳመጫ ከመቀመጥ ይልቅ እርስ በርስ መሰማት ስለፈለጉ ማዳመጫ ያደረገ የለም፤ በዚህ ጊዜ የመመለሻው ግማሽ ሥራ ፈትቶ ቀረ።

የቀረው

ሁለት ነገር ገና አልተፈታም። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም ዓይነት ገመድ አይረዳም፤ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ያሉት ቀረጻዎች ከዝናቡ በፊት፣ በጠዋት ይያዛሉ። መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ማከፋፈያው ከሶኬቱ ይነቀላል፣ ዩፒኤስም ቢኖር። ሁለተኛው ቻናል 5 ነው። የኢንሰርት ጃኩ ሲነካ ድምፁ ለአፍታ ይጠፋል፤ በኮንታክት ማጽጃ ሁለት ጊዜ ተጠርጎ ተሻለ እንጂ አልዳነም። ጃኩ እስኪለወጥ የከበሮው የመጀመሪያ ማይክ ወደ ቻናል 9 ተዛውሯል፤ በ5 ቁጥር ላይ ነጭ ቴፕ ተለጥፏል።